አልጋውን መጨረሻ ላይ ያዙ፦ በጸደይ መባቻ የሁለት ሦስት ቀን የተራራ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ማርች መጨረሻ ላይ ለሦስት ቀን ወደ አንዲት የተራራ ከተማ ሄድኩ። ሆቴሉን የያዝኩት ከሁለት ወር በፊት ነበር። ጥሩ ቅናሽ አግኝቼ ደስ ብሎኛል። ስደርስ ኬብል ካሩ ለጥገና ቆሟል። ከአራቱ ምግብ ቤቶች ሦስቱ ተዘግተዋል። ልሄድበት ያሰብኩት መንገድ ግማሹ በረዶ፣ ግማሹ ጭቃ ነው። ቅናሹ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገሩን ከጅራቱ ነው የያዝኩት። ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምናቅደው፦ ቀን እንቆርጣለን፣ ከተማ እንመርጣለን፣ አልጋ እንይዛለን፣ ከዚያ "እዚያ ምን ይሠራል?" ብለን እንጠይቃለን። በሞቃቶቹ ወራት ይህ ያስኬዳል። በጸደይ መባቻ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ በረዶው፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ከዚያ ከተማው፣ አልጋው መጨረሻ።

ጸደይ የምለው በረዶ የሚጥልባቸውን አገሮች ጸደይ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ማርችና ኤፕሪል፣ በስተደቡብ ደግሞ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ማለት ነው። ሰዓት የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው።

1. በረዶው የት ላይ እንደሚጀምር እወቁ

በዚህ ወቅት አንድ ተራራ ላይ ሁለት ወቅት አብሮ ይኖራል። ታች ሣሩ ለምልሟል፣ አበባው ወጥቷል። ላይ ብርዱ ገና ንቅንቅ አላለም። የሁለቱ ድንበር በረዶው የሚጀምርበት ከፍታ ነው። እሱን ሳታውቁ የምታቅዱት ነገር ሁሉ ግምት ነው።

ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። የፈረንሳይዋን ሻሞኒን ውሰዱ። ከተማዋ ያለችው 1,035 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ የሚነሳው ኬብል ካር በ20 ደቂቃ ያህል ኤጉዊ ዱ ሚዲ ያደርሳል፤ የተራራው ጫፍ 3,842 ሜትር ነው። ልዩነቱን አስሉት፤ 18 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ታች 12 ዲግሪ ላይ በቲሸርት ቡና ሲጠጣ የነበረ ሰው፣ ቡናው ከሆዱ ሳይጠፋ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ውስጥ ይገኛል። ንፋሱን ገና አልቆጠርነውም።

ፎቶ ደግሞ ያታልላል። የካናዳውን ሌክ ሉዊዝ በፎቶ ያላየ የለም። ያ ቱርኩዝ ውሃ ግን የበጋ ፎቶ ነው። ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን መጀመሪያ በበረዶ እንደተሸፈነ ነው የሚቆየው። ጎረቤቱ ወደሆነው ሞሬን ሌክ የሚወስደው መንገድ ጭራሽ እስከ ሜይ መጨረሻ ገደማ ዝግ ነው። ኤፕሪል ላይ ለዚያ ፎቶ የሄደ ሰው ነጭ ሜዳ አይቶ ይመለሳል። ነጩ ሜዳም የራሱ ውበት አለው፤ ግን አውቆ መሄድና ሳያውቁ መድረስ አንድ አይደለም።

በረዶውን ከቤት ሆኖ ማየት ይቻላል። እኔ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛው የቀጥታ ካሜራ ነው። አብዛኞቹ የተራራ ከተሞችና ኬብል ካሮች በኢንተርኔት የሚታይ ካሜራ አላቸው። ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት እዩት። ነጩ ከአረንጓዴው የሚለይበትን መስመር ከአንድ ድንጋይ ወይም ከአንድ ጎጆ ጋር አያይዛችሁ ያዙና በየቀኑ ምን ያህል እንደሚወጣ ተመልከቱ። ሁለተኛው የሳተላይት ምስል ነው። የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች አንድን ቦታ በ5 ቀን አንዴ ገደማ ያነሱታል፤ ምስሉ ደግሞ ነጻ ነው። ደመና ካልጋረደው የትኛው ሸንተረር ነጭ፣ የትኛው ቡናማ እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስመሩን ካገኛችሁ በኋላ ቁጥሩን ጻፉት። "በረዶው ከ1,500 ሜትር ይጀምራል።" ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ሁሉ የሚለካው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

2. መንገዱን ምረጡ፣ ግን ጎኑንም እዩ

ከፍታ ብቻውን አይበቃም። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ወደ ደቡብ የሚያይ ተዳፋት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል፤ በረዶው ቶሎ ይለቃል። ወደ ሰሜን የሚያየው ጥላ ስለሆነ ሳምንታት ይዘገያል። በደቡቡ የዓለም ክፍል ነገሩ ይገለበጣል። አንዱ ሸለቆ ውስጥ በአንድ ከፍታ ላይ ሆናችሁ በግራ በኩል ደረቅ መንገድ፣ በቀኝ በኩል እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ ልታገኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ ካርታ ስትከፍቱ የመጀመሪያው ጥያቄ "ይህ መንገድ ፊቱን ወዴት አዙሯል?" ይሁን።

ወጥቶ በሌላ በኩል የሚወርድ ዙሪያ መንገድ በዚህ ወቅት አልወድም። ፀሐያማውን ጎን እየተፍነሸነሹ ወጥቶ ጫፍ ላይ ሲደርሱ የቁልቁለቱ ጎን በበረዶ ተሞልቶ ይጠብቃል። በሄዱበት መመለስ አሰልቺ ቢመስልም የሚጠብቃችሁን ታውቁታላችሁ።

ለሰዓቱ ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔስሚዝ በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምሩ። 10 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ዳገት ጋር ሦስት ሰዓት ይሆናል። ይህ ግን እረፍት የሌለበትና ደረቅ መንገድ ነው። ለስላሳ በረዶ ወይም ጭቃ ያለበትን ክፍል እኔ በሁለት አባዛዋለሁ። ማርች 20 አካባቢ የቀኑ ብርሃን የትም ቦታ ለ12 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ከጨለማ ጋር እሽቅድምድም ላለመግባት በብርሃን ሁለት ሰዓት የሚተርፍ መንገድ ያዙ።

ጭቃውንም አትናቁት። በረዶው ሲለቅ የላዩ አፈር ይቀልጣል፤ ከሥሩ ያለው ገና ደረቅ ግግር ስለሆነ ውሃው መስረጊያ ያጣል። መንገዱ ገንፎ ይሆናል። በዚህ የተነሳ መንገዱ እንዳይበላሽ ለሳምንታት የሚዘጉ ቦታዎች አሉ። ክፍት ከሆነ ደግሞ ጭቃውን ሸሽታችሁ በጎን ሣሩን አትርገጡ፤ በመሃል እለፉ። ጫማ ይታጠባል፤ የተረገጠ ቡቃያ ግን ቶሎ አያገግምም።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት መንገድ ያዙ። አንዱ የምትመኙት፣ ሌላው ከበረዶው መስመር በጣም በታች የሆነ፦ የሐይቅ ዳር፣ የወንዝ ዳር፣ የሸለቆ መንገድ። ሁለተኛው "ካልሆነ" ተብሎ የሚያዝ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የምትሄዱበት እሱ ነው። ስለዚህ በደንብ ምረጡት።

3. አሁን ከተማው

በዚህ ወቅት ጥሩ ከተማ ማለት እግሩ ዝቅ ያለ፣ ራሱ ግን ከፍታ አጠገብ የሆነ ነው። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሜራኖ 325 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሪቫ ዴል ጋርዳ ደግሞ 70 ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ዳር ተቀምጣለች። ሁለቱንም ትላልቅ ተራሮች ከበዋቸዋል። ታች በደረቅ መንገድ እየሄዳችሁ ላይ በረዶውን በዓይናችሁ ትጠግባላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የግሬት ስሞኪ ተራሮች እንዲሁ ናቸው። ጋትሊንበርግ 400 ሜትር አይሞላም፤ የተራሮቹ ከፍተኛው ጫፍ ኩዎሂ 2,025 ሜትር ነው። ወደ ጫፉ የሚያወጣው የመኪና መንገድ እስከ ማርች 31 ዝግ ነው። ታች ሸለቆው ውስጥ ግን የጫካው አበቦች ቀድመው ይፈካሉ፤ ከዚያ ሳምንት በሳምንት ወደ ላይ ይወጣሉ። እንደ ስዊዘርላንዷ ዜርማት ያለች ከተማ ራሷ 1,600 ሜትር ላይ ናት። ለስኪ ድንቅ ናት፣ በማርች ለእግር ጉዞ ግን ምርጫችሁ ጠባብ ይሆናል።

ሌላው ነገር የተራራ ከተማ የሚያንቀላፋበት ጊዜ መኖሩ ነው። የስኪው ወቅት ሲያልቅና የበጋው ሳይጀምር ሠራተኛው እረፍት ይወጣል። ኬብል ካሮች ለዓመታዊ ምርመራ ይቆማሉ። አውቶቡሱ ይቀንሳል። እኔን ያገኘኝ ይህ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ። ኢሜይል አይደለም፣ ስልክ። የሚያነሳውን ሰው እንዲህ ጠይቁት፦ "በዚያ ሳምንት ኬብል ካሩ ይሠራል? እራት የሚሸጥ የትኛው ቤት ክፍት ነው? አውቶቡሱ በቀን ስንቴ ይመጣል? ትናንት በእግራቸው የወጡ እንግዶች የት ድረስ ሄዱ?" የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። "አዎ፣ ቆንጆ ነው፣ ኑ" ከሚል መልስ ይልቅ "ከጎጆዋ በላይ አልቻሉም" የሚል መልስ የሰጣችሁን ሆቴል እመኑት።

አልጋውን እንግዲህ አሁን ያዙ። ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን፤ ትንሽ ቢወደድም። በዚህ ወቅት ክፍል ስለማይጠፋ መቸኮል የለባችሁም። ጫማና ልብስ ማድረቂያ ክፍል ካለው ደግሞ እሰየው።

4. የሚያደርሳችሁን መንገድ አትርሱ

ካርታ ላይ ያለ መንገድ ሁሉ ክፍት አይደለም። የጣሊያኑ ስቴልቪዮ መተላለፊያ 2,757 ሜትር፣ የካሊፎርኒያው ታዮጋ 3,031 ሜትር ነው። ሁለቱም በማርችና በኤፕሪል በበረዶ ዝግ ናቸው። የስልካችሁ ካርታ አንዳንዴ በዚያው ይመራችኋል። የመንገድ ባለሥልጣኑን ገጽ እዩና በዙሪያው የምትሄዱበትን ሰዓት አስሉ። የሦስት ሰዓቱ መንገድ ሰባት ሊሆን ይችላል።

መኪና ከተከራያችሁ የበረዶ ጎማ እንዳለው ጠይቁ፣ ሰንሰለት ግዴታ የሆነበት መንገድ መኖሩንም አጣሩ። በቀን የቀለጠው ውሃ ማታ አስፋልቱ ላይ ይረጋል። የማይታየው ግግር የሚባለው ይህ ነው፤ ድልድይ ላይ ደግሞ ቀድሞ ይጀምራል። ጨለማ ሳይሆን ድረሱ።

5. ቀኑን ከፀሐይ ጋር አስማሙ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የጸደይ በረዶ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ጠባይ አለው። ሌሊቱ ጥርት ያለና ብርዳማ ከነበረ ጠዋት ድንጋይ ነው። ባለጥርስ ነገር ጫማችሁ ላይ ካላጠለቃችሁ ያንሸራትታል። ረፋዱ ላይ ላዩ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ጫማ ይይዛል፤ ለመሄድ ምርጡ ሰዓት ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ ይሟሽሻል።

መሟሸሹን በራሴ እግር አይቼዋለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንደ ሜዳ ያለፍኩበትን በረዶ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስመለስበት የመጀመሪያው እርምጃ ያዘኝ። ሁለተኛውም ያዘኝ። ሦስተኛው ላይ ቀኝ እግሬ እስከ ጭኔ ገባ። ለማውጣት በግራው ስገፋ ግራውም ገባ። እጄን ስደገፍ እጄ እስከ ክርኔ ሰመጠ። በሆዴ ተኝቼ እንደ ሕፃን እየዳህኩ ወጣሁ። ጫማዬ ውስጥ የገባው በረዶ ወዲያው ቀለጠ። ጠዋት በሩብ ሰዓት የጨረስኩት ቦታ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ከሥር የተደበቀ ድንጋይ ቢኖር ቁርጭምጭሚቴ አይተርፍም ነበር።

ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መንገድ ጀምሩ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከበረዶው ውጡ። መፈተኛው ቀላል ነው። ቆማችሁ በተረከዛችሁ በረዶውን ምቱት። ተረከዙ ብቻ ከገባ ቀጥሉ። ጫማው በሙሉ ከገባ ሰዓታችሁ አልቋል፤ ተመለሱ። ሌሊቱ ደመናማ ከነበረና ካልረጋ ደግሞ በረዶው ጠዋትም ለስላሳ ነው። ያን ቀን የወንዝ ዳሩን መንገድ ሂዱ።

ጅረትም እንዲሁ በሰዓት ይሄዳል። ጠዋት በድንጋይ እየዘለላችሁ የተሻገራችሁት ውሃ፣ ከላይ ተራራው ላይ ያለው በረዶ ቀኑን ሙሉ ሲቀልጥ ስለሚውል ከሰዓት ይሞላል። መመለሻችሁ በዚያው ከሆነ ስትሻገሩ "ይህ ውሃ በእጥፍ ቢጨምር እመለሳለሁ ወይ?" በሉ። ጅረት ላይ እንደ ድልድይ የተንጠለጠለ በረዶ ከሥሩ በውሃ ስለተበላ አትመኑት።

6. የበረዶ ናዳ

"እኔ ስኪ አልጫወት፣ ናዳ ምን አገባኝ?" የሚል ሰው ብዙ ነው። ያገባዋል። ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው። የምትሄዱበት መንገድ ሜዳ ቢሆንም ከላዩ እንዲህ ያለ በረዶ የተሸከመ ተዳፋት ካለ ናዳው የሚያርፈው እናንተው ላይ ነው። በጸደይ ደግሞ በረዶው ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ፀሐይ ሲመታው ከሰዓት ይለቃል።

በረዶ ባለባቸው ብዙ አገሮች በየቀኑ የናዳ መግለጫ ይወጣል። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። "3" ሲባል መሃል ስለሆነ ቀላል ይመስላል። አይደለም። ብዙ ሰው የሚሞተው 5 በተባለ ቀን ሳይሆን 3 በተባለ ቀን ነው፤ 5 ሲባል ማንም አይወጣማ። የናዳ ትምህርት ካልወሰዳችሁ የእኔ ምክር አጭር ነው፦ 3 ከሆነ በረዶ የያዘ ተዳፋት ላይም ሥሩም አትሂዱ።

7. ሻንጣው

በዚህ ወቅት አደገኛው ቅዝቃዜ ደረቁ ውርጭ አይደለም። 3 ዲግሪ ላይ ከዝናብና ከንፋስ ጋር የሚመጣው ነው። ጥጥ እርጥበት ይዞ ይቀራል፤ ጂንስና የጥጥ ካናቴራ ቤት ይቅሩ። ከሥር ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ መሃል ሙቀት የሚይዝ፣ ከላይ ውሃና ንፋስ የማያስገባ። ስትነሱ ትንሽ ይብረዳችሁ፤ ሞቋችሁ ከጀመራችሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በላብ ትነከራላችሁ።

ብዙ ሰው የሚረሳቸውን ልጥቀስ። ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለጥርስ ሰንሰለት፤ ማይክሮ ስፓይክ ይሉታል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሁለት የሀይኪንግ ምርኩዝ። ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ተጠቅልሎ። የግንባር ባትሪ፣ ቀን ትመለሱ ዘንድ ብታስቡም። የፀሐይ መነጽርና ሰንስክሪን፤ አዲስ በረዶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ይረጨዋል፣ ከፍታውም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምርበታል። የአገጭንና የአፍንጫን ሥር አትርሱ፤ ከታች ነው የሚያቃጥለው። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚወድቅ በውስጥ ኪስ ይያዝ። ካርታውን ቤት ሆናችሁ ስልኩ ላይ አውርዱት።

ዝቅ ባለው ሣር ውስጥ መዥገር ከእንቅልፉ የሚነሳውም አሁን ነው። ማታ ብብታችሁንና ከጉልበት ጀርባ ፈትሹ።

8. የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት

የተራራ ትንበያ ከሦስት ቀን በላይ ሲሆን ብዙም አልተማመንበትም። ሦስት ቀን ሲቀራችሁ ከከተማው ትንበያ ይልቅ የተራራውን ክፈቱ። የምትፈልጉት ቁጥር አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚሆንበት ከፍታ ነው። ሌሊት ወደ 1,500 ሜትር ወርዶ ቀን ወደ 2,500 የሚወጣ ከሆነ ከላይ ያልኩት የጠዋት ድንጋይ ይሠራል። ሌሊትም ከፍ እንዳለ ከቀረ በረዶው አይረጋም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛውን መንገድ አውጡ፣ ወይም አልጋውን ሰርዙ። ለዚህ ነው የሚሰረዝ ያዙ ያልኩት።

ሰዓት የሚቀየርበትንም ቀን እዩ። አውሮፓ ውስጥ ማርች በገባ በመጨረሻው እሑድ፣ አሜሪካ ውስጥ በሁለተኛው እሑድ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። የመጀመሪያው አውቶቡስ ጥሏችሁ የሚሄደው ያን ቀን ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ቤት ለሚቀር ሰው መልእክት ጻፉ፦ የቱን መንገድ እንደምትሄዱ፣ መኪናው የት እንደቆመ፣ እስከ ስንት ሰዓት ካልደወላችሁ ለእርዳታ ይደውል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። የእናንተ ኔትወርክ ባይኖር እንኳ የሌላ ኩባንያ ካለ በዚያው ይደውላል። ምንም ከሌለ ፉጨት ወይም ባትሪ፤ በደቂቃ ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም፣ ከዚያ እንደገና። የሰማችሁ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልስላችኋል።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ጫማችሁ መርጠቡ አይቀርም። ማሞቂያው ላይ አታስቀምጡት፤ ሙጫው ይለቃል፣ ቆዳውም ይሰነጠቃል። የውስጡን ሶል አውጡና ጋዜጣ ጨምድዳችሁ ጠቅጥቁበት። ከመተኛታችሁ በፊት እርጥቡን አውጥታችሁ በደረቅ ቀይሩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስታጠልቁት ትንሽ ይቀዘቅዛል እንጂ ውሃ አይጨመቅም።